የሳይክል መፍቻ መጠቅለያና የፍሬም ቦርሳ በቤት መስፋት

ሳይክል የሚነዳ ሰው መፍቻውን የት ያደርገዋል? ብዙው ሰው በፌስታል ጠቅልሎ ከመቀመጫው ስር ያስረዋል። ሌላው ጀርባው ላይ ባዘላት ቦርሳ ውስጥ ከምሳ ዕቃውና ከላፕቶፑ ጋር ይጨምረዋል። ፌስታሉ ኮብልስቶን ላይ እንደ ቃጭል ያንቃጭላል፣ አንድ ቀን ደግሞ ተቀዶ ቁጥር 5 አሌን (ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ) መንገድ ላይ ይቀራል። ጀርባ ላይ ማዘሉም ቢሆን አያዋጣም፤ አያድርገውና ከወደቃችሁ ብረቱ የሚያርፈው አከርካሪያችሁ ላይ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ መፍቻ የራሱ ኪስ ያለው፣ ተጠቅልሎ በአንድ ማሰሪያ ከመቀመጫው ስር የሚታሰር ጨርቅ። ብረት ከብረት ስለማይነካካ ድምፅ የለውም። ጎማ ሲተነፍስ መሬት ላይ ትዘረጉታላችሁ፣ ሁሉም ነገር ፊት ለፊታችሁ ይታያል፣ ሥራው ሲያልቅ ባዶ የሆነ ኪስ ካያችሁ የረሳችሁት ነገር አለ ማለት ነው። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ የመጨረሻው ነው፤ በተለይ መሽቶ ከሆነ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል። እዚህ የምሰጣችሁ ልክ ምሳሌ ነው። የሌላ ሰው ልክ ለሌላ ሰው መፍቻ የተሰራ ነው፣ የእናንተ መፍቻ በሁለት ሴንቲ ቢረዝም ክዳኑ አይዘጋም። ስለዚህ ጨርቁን ከመንካታችሁ በፊት መፍቻችሁን ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ።

ምን ልያዝ?

የሳይክላችሁን ብሎኖች አንድ በአንድ እዩና የሚፈታቸውን ብቻ ያዙ። ቸርኬው በዳዶ የሚታሰር ከሆነ 15 ቁጥር መፍቻ ግድ ነው፤ የፊቱ አንዳንዴ 14 ወይም 13 ሊሆን ይችላል፣ ሞክራችሁ አረጋግጡ። ቸርኬው በእጅ በሚፈታ ማንሻ የሚያዝ ከሆነ ደግሞ መፍቻው ዝም ብሎ ክብደት ነው፣ ቤት ይቅር። አሌን 4፣ 5 እና 6 አብዛኛውን ነገር ይፈታሉ። ሁለት የፕላስቲክ ጎማ ማውለቂያ፣ አጭር ካቻቪቴ፣ የጎማ መለጠፊያ፣ ማስቲሽ፣ ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ ትርፍ ከመነዳሪ። ማስቲሹን ትንሿን ግዙ፤ አንዴ ከተከፈተች ውስጥ ውስጡን ትደርቃለች፣ ትልቁን ብትይዙ የምትሸከሙት ድንጋይ ነው።

ፖምፓ እዚህ ውስጥ አይገባም። እሱ ለብቻው ፍሬም ላይ ይታሰራል።

ጨርቁ

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰፋ ሰው ያረጀ ጂንስን የሚያህል የለም። ነፃ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ የቤት ስፌት መኪና ይችለዋል። ጉልበቱና መቀመጫው ስለሚሳሱ ከጭኑ በስተኋላ ያለውን ክፍል ውሰዱ። መስኮት ላይ አንስታችሁ እዩት፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቦታ ካለ እሱን ተዉት። ወፍራሙን የእግር ስፌት ደግሞ ቆርጣችሁ ጣሉት፤ ጨርቁ እዚያ ጋ ተደራርቦ ስለተሰፋ በኋላ መርፌ ሰባሪው እሱ ነው። ስፋቱ አልበቃ ካለ ሁለት ቁራጭ መቀጠል ይቻላል፣ ብቻ ቅጥያው በሁለት ኪሶች መሀል በሚያልፈው ስፌት ላይ እንዲውል አድርጉ።

ሸራ ከወደዳችሁ በካሬ ሜትር ከ340 እስከ 400 ግራም የሚመዝነው ልክ ነው። መርካቶ ሄዳችሁ በግራም ብትጠይቁ ግን መልስ አታገኙም፣ በእጅ ነው የሚለካው። ጨርቁን አጥፋችሁ እንደገና እጠፉት፣ አራት ድርብ ይሆናል። ያንን በሁለት ጣት ጨብጣችሁ በቀላሉ ማጎንበስ ከቻላችሁ የቤት መኪና ይሰፋዋል። ለጭነት መኪና መሸፈኛ የሚሆነው ወፍራሙ ሸራ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ተጠቅልሎም አይታሰርም።

የተሰበረ ሻንጣ ወይም ዚፑ የሞተ የትምህርት ቤት ቦርሳ እቤት ካለ አትጣሉት። ጥሩ ጥሩዎቹ ኮርዱራ ከሚባለው ናይሎን የተሰሩ ናቸው፣ የክሩ ውፍረት በዲንየር ነው የሚለካው፤ ዲንየር ማለት 9,000 ሜትር ክር በግራም ስንት ይመዝናል ማለት ነው። ለመፍቻ መጠቅለያ 500 ዲንየር ይበቃል፣ 1,000 ከሆነ ደግሞ እናንተን ይቀብራል። ዘለበቱንና ማንጠልጠያ ጥብጣቡንም እዚያው ታገኛላችሁ፣ ሌላ መግዛት አያስፈልግም።

ጊዜው ያለፈበት የማስታወቂያ ባነርም አሪፍ ነው። ውሃ አያስገባም፣ ጠርዙ አይተረተርም። ችግሩ መርፌ የበሳው ቀዳዳ ተመልሶ አይዘጋም፣ ተሳስታችሁ ብትተረትሩት ምልክቱ ይቀራል። ስለዚህ የስፌቱን እርምጃ ረዘም አድርጉት፣ 4 ሚሊ ሜትር አካባቢ፤ ቀዳዳው ከተጠጋጋ እዚያው መስመር ላይ ይቀደዳል። ጨርቁን የሚጫነው የስፌት መኪናዋ እግር ላዩ ላይ እየተጣበቀ ካስቸገረ ስስ ወረቀት ደርባችሁ ስፉና በኋላ ወረቀቱን ቅደዱት። በዚህ ሐሳብ የከበሩ ሰዎች አሉ። ማርከስና ዳንኤል ፍራይታግ የተባሉ ወንድማማቾች በ1993 እ.ኤ.አ. ዙሪክ ውስጥ ከአሮጌ የጭነት መኪና ሸራ የሳይክል ነጂ ቦርሳ ሰፉ፤ ማንጠልጠያው የመኪና ቀበቶ ነበር፣ ጠርዙ ደግሞ የሳይክል ከመነዳሪ። ዛሬ ፍራይታግ የታወቀ የቦርሳ ስም ነው። ያ ሁሉ ዕቃ ምናለሽ ተራና ሶማሌ ተራ ሞልቷል እኮ።

ክሩ ላይ ግን አትሰስቱ። የጥጥ ክር ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ይበሰብሳል፣ ፖሊስተር መሆን አለበት። ሻጩ ምንም ቢላችሁ ጫፏን በክብሪት ለኩሱ፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጫፉ ላይ ጠንካራ እንክብል ይሠራል፣ ጥጥ አመድ ይሆናል። መርፌ 16 ቁጥር ለጂንስ፣ 18 ለሸራ።

ልክና ቆረጣ

የኪስ ስፋት እንዲህ ነው የሚሰላው። ጠፍጣፋ ለሆነ ዕቃ ስፋቱንና ውፍረቱን ደምሩ፣ ግማሽ ሴንቲ ጨምሩ። 15 ቁጥር መፍቻ ጭንቅላቱ 3.2 ሴ.ሜ ቢሰፋና 0.7 ቢወፍር፣ ኪሱ 4.4 ይሆናል፣ 4.5 በሉት። ድቡልቡል ለሆነ እንደ ካቻቪቴ እጀታ ላለው ዕቃ ደግሞ የውፍረቱን ልክ በ1.6 አባዙና ግማሽ ሴንቲ ጨምሩ። ብዙ ሰው ዕቃውን ጨርቁ ላይ አስቀምጦ ዳርና ዳሩን በሳሙና ያሰምርና ይሰፋል፣ ከዚያ አልገባ ይለዋል። ዕቃው ኪሱን ወደ ላይ ስለሚወጥረው ነው።

ለዘረዘርኳቸው ዕቃዎች የሚሆነው ልክ ይሄው። ጨርቁን በወርድ 40፣ በቁመት 44 ሴ.ሜ ቁረጡ። ቁመቱ ለምን 44 ሆነ ካላችሁ፣ 12ቱ ወደ ላይ ታጥፎ ኪስ ይሆናል፣ 18ቱ ዋናው አካል ነው፣ 11ዱ ከላይ የሚመለስ ክዳን ነው፣ የቀረው 3 ሴንቲ ለላይና ለታች ቅምቅማት ነው። 18ቷ የመጠቅለያው ርዝመት ስለምትሆን ከረጅሙ መፍቻችሁ ቢያንስ በአንድ ሴንቲ መብለጥ አለባት። ከ18 በላይ መሄድ ግን አልመክርም፤ ከመቀመጫው ስር ወደ ጎን ወጥቶ ጭን ይፈትጋል።

ወርዱን ከግራ ወደ ቀኝ እንዲህ ከፋፍሉት። 14 ሴ.ሜ ለከመነዳሪው፣ 6 ለመለጠፊያውና ለማስቲሹ፣ 4 ለጎማ ማውለቂያዎቹ፣ 3.5 ለአሌኖቹ፣ 3.5 ለካቻቪቴ፣ 4.5 ለመፍቻው፣ የመጨረሻው 4.5 ባዶ። ባዶው ሲጠቀለል ከላይ የሚውለው ነው፣ ማሰሪያው የሚሰፋው እሱ ላይ ስለሆነ ብረት አይግባበት። ከመነዳሪውን በግራ ያደረግነው መጠቅለሉ ከዚያ ስለሚጀምር ነው፤ ለስላሳው መሀል ይገባል፣ ብረቶቹ ዙሪያውን ይሰለፋሉ። ከመነዳሪው አየሩ ጭልጥ ብሎ እስኪወጣ ድረስ መጠቅለልና ተመልሶ እንዳይፈታ በላስቲክ መያዝ አለበት፣ ካልሆነ 14 ሴንቲ አይበቃውም።

ማስመሪያው የልብስ ሰፊዎች ስስ የሳሙና ቁራጭ ነው። እስክሪብቶ አይለቅም፣ ጠመኔ በሰፋችሁ ቁጥር ይረግፋል።

ስፌቱ

መጀመሪያ የላይኛውንና የታችኛውን ጠርዝ ቀምቅሙ። ሁለቴ ታጥፋላችሁ፣ በእያንዳንዱ እጥፋት 7 ወይም 8 ሚሊ፣ በካውያ ተጫኑት፣ ከዚያ ስፉ። የእርምጃው ርዝመት 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። አሁን ቁመቱ 41 ሆኗል። ከታች 12 ለኩና መስመር አስምሩ፣ ከዚያ 18 ለኩና ሌላ መስመር። የመጀመሪያው መስመር የኪሱ ማጠፊያ ነው፣ ሁለተኛው የክዳኑ።

ኪሱን ለማጠፍ ቸኩላችሁ ይሆናል። ቆይ። ማሰሪያው አሁን ካልተሰፋ በኋላ ኪሱን ሳትደፍኑ መስፋት አትችሉም። ባለ 2.5 ሴ.ሜ ጥብጣብ ውሰዱ፣ ጨርቁን ገልብጡና በውጭ በኩል ባዶ በምናደርገው የ4.5 ሴንቲ ክፍል ላይ አንዱ ወገን አጭር፣ ሌላው ረጅም ሆኖ እንዲተርፍ አጋድሙት። ቁመቱ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ከኪሱ ማጠፊያ መስመር ወደ ላይ 9 ሴንቲ ነው፣ ማለትም የ18ቷ መሀል። ገልብጣችሁ ስለሆነ ግራና ቀኙ ይምታታል፤ ሳትገለብጡ በፊት ባዶው ክፍል ላይ በውስጥም በውጭም የኤክስ ምልክት አድርጉ።

ማሰሪያው በአንድ መስመር ስፌት አይያዝም። አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ዙሩት፣ ከዚያ ከጥግ እስከ ጥግ በመስቀል ስፉት፣ ዙሪያውንም ድገሙት። ከውስጥ በኩል የጂንስ ወይም የቆዳ ቁራጭ ደርቡበት። ሲቀደድ የሚቀደደው ማሰሪያው ወይም ክሩ አይደለም፣ ከኋላው ያለው ጨርቅ ነው። መጠቅለያ ሠርቶ ከወር በኋላ የተበጠሰበት ሰው ካያችሁ ይቺን ድራቢ ነው የዘለላት። የአጭሩ ወገን ጫፍ ላይ ዘለበቱን ስፉ፣ ረጅሙን ለጊዜው ሳትቆርጡ ተዉት።

አሁን ውጩን ወደ ታች አድርጋችሁ ዘርጉት፣ የታችኛውን 12 ሴንቲ ወደ ላይ እጠፉት፣ በልብስ መቆንጠጫ ያዙት። ስፒል ወፍራም ጨርቅ ላይ ይጎብጣል፣ ጣትም ይወጋል፣ መቆንጠጫው ይሻላል። የኪሶቹን መስመር በሳሙና አስምሩ። ስፌቱ ከማጠፊያው ይነሳና ወደ ኪሱ አፍ ይወጣል። አፉ ላይ ስትደርሱ ሁለት ሦስቴ መልሳችሁ ስፉ፤ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ የሚጎተተው እዚያች ነጥብ ላይ ነው።

አፉ ላይ ቅምቅማቱ ስላለ ጨርቁ ድንገት ይወፍራል። መኪናዋ ታቃስታለች፣ እግሯ ወደ ኋላ ያጋድላል፣ ስፌቱ ይጨማደዳል። ለዚህ ሁለት መላ አለ። አንደኛው ወፍራሙን ቦታ እንጨት ላይ አድርጎ በመዶሻ ረገብ እስኪል መቀጥቀጥ ነው። ሳቅ አይያዛችሁ፣ ቦርሳ ሰፊዎች የሚያደርጉት ነው። ሁለተኛው እግሯ ቀጥ ብላ እንድትቆም ከኋላዋ ስር የታጠፈ ጨርቅ መሸጎጥ ነው፣ ውፍረቱ ከፊቷ ካለው ጋር እኩል እንዲሆን። ከዚያ ፔዳሉን ተዉትና መዘውሩን በእጃችሁ እያዞራችሁ አንድ በአንድ ውጉ።

የእግር ሲንጀር ያላቸው ሰዎች እዚህ ላይ ዕድለኞች ናቸው። ዚግዛግ የላትም፣ ግን እንዲህ ያለውን ወፍራም ጨርቅ ቀስ ብላ፣ አንድ አንድ እያለች ትሰፋለች። አዲሶቹ ባለ ኤሌክትሪክ ትንንሽ መኪኖች ቀስ በሉ ሲባሉ ጉልበት ያጥራቸዋል።

የቀሩት ሁለቱ ጎኖች ናቸው። እነሱን አናጥፍም፣ በጥብጣብ እንከድናቸዋለን፣ ለዚህ ዚግዛግ አያስፈልግም። 2.5 ወይም 3 ሴንቲ ስፋት ያለው ስስ የጥጥ ጥብጣብ 32 ሴ.ሜ አድርጋችሁ ሁለት ቁረጡ። ጥብጣቡን በቁመቱ ለሁለት አጥፋችሁ የጨርቁን ጠርዝ መሀሉ አስገቡ፣ ጫፎቹን ወደ ውስጥ መልሱ፣ ከኪሱ ታች ጀምራችሁ እስከ ክዳኑ ጫፍ ስፉ። ስፌቱ ከፊት ይዞ ከኋላ እንዳይስት በየመሀሉ ገልበጥ አድርጋችሁ እዩ። ጥብጣብ ከጠፋ ያረጀ ከመነዳሪ በሳሙና አጥባችሁ፣ ሰንጥቃችሁ፣ በ3 ሴንቲ ቆርጣችሁ ተጠቀሙ። ጎማው ከመኪናዋ እግር ስር አልሄድ ካለ ትንሽ የሕፃን ፓውደር ነስንሱበት።

መኪና የለኝም ለሚል ሰው ይሄ ሁሉ በእጅም ይሠራል። ወስፌ፣ ሁለት ወፍራም መርፌ፣ ድርብ የፖሊስተር ክር። ክሩን ጧፍ ላይ ሁለት ሦስቴ ጎትቱት፤ ሰሙ ሲይዘው አይጠላለፍም፣ ጨርቁ ውስጥም ንክስ አድርጎ ይቀራል። በወስፌው በየ4 ሚሊው ብሱ፣ የክሩን ሁለት ጫፍ በሁለት መርፌ አድርጋችሁ በአንዱ ቀዳዳ ከግራም ከቀኝም አሳልፉ፣ ሳቡት። ኮርቻ ሰፊዎች እንዲህ ነው የሚሰፉት፣ አንዱ ክር ቢበጠስ እንኳ ሌላው ይዞ ይቆያል። ጊዜ ይፈጃል፣ ምሽቱን ሬዲዮ እየሰማችሁ ስፉት። ጥንካሬው ከመኪናው ይበልጣል እንጂ አያንስም።

አስተሳሰሩ

ዕቃውን ሁሉ አስገቡና ክዳኑን መልሱ፣ ከከመነዳሪው ጀምራችሁ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ። ከመቀመጫው ስር ወደ ኋላ አስጠግታችሁ አግድም ያዙት። እዚያ ሁለት ብረቶች አሉ፣ 7 ሚሊ ሜትር የሚወፍሩ፣ በመሀላቸው አራት ሴንቲ ገደማ ክፍተት ያለው። ማሰሪያው በሁለቱም ላይ አልፎ መዞር አለበት፣ በአንዱ ብቻ ከሆነ መጠቅለያው ይሽከረከራል። ልኩን በሲባጎ ውሰዱ፣ 15 ሴንቲ ጨምሩ፣ ማሰሪያውን እዚያ ላይ ቁረጡት። ናይሎን ከሆነ ጫፉን በእሳት ለብለብ አድርጉት።

ከጎማው ጋር ቢያንስ ሦስት ጣት ክፍተት ይኑር። አጭር ፍሬም ያላችሁ ሰዎች ይቺን አትዝለሏት፣ ጉድጓድ ስትገቡ መቀመጫው ወደ ታች ይረግባል። የፕላስቲክ ዘለበት በንዝረት ቀስ እያለ ይለቃል፤ የተረፈውን ጫፍ ማሰሪያው ስር ሁለቴ መሸጎጥ ይበቃዋል፣ ያላመነ ሰው ከከመነዳሪ የተቆረጠ ቀለበት ያጥልቅበት። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳ ላይ ለምትነዱ ይሄ ቅንጦት ነው፣ ከእንጦጦ ቁልቁል ለሚወርድ ግን አይደለም።

የፍሬም ቦርሳ

መጠቅለያው እጅ ካፍታታ በኋላ ቀጣዩ በፍሬሙ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የሚገባው ቦርሳ ነው። ይሄ ከበድ ይላል፣ ምክንያቱም ልኩ ትንሽ ካጋደለ ቦርሳው ይጨማደዳል። ካርቶን ውሰዱ፣ ፍሬሙ ላይ ለጥፋችሁ ውስጡን በእርሳስ ተከተሉ፣ ቁረጡ፣ መልሳችሁ ሞክሩ። ዙሪያውን ግማሽ ሴንቲ እስኪቀንስ ድረስ ከርክሙት። የውሃ ጠርሙስ መያዣ ካላችሁ ሙሉውን አትያዙ፣ የፊተኛውን ጥግ ብቻ የሚሞላ ትንሽ ቦርሳ ይበቃል። ውፍረቱ ከ5 ሴንቲ አይለፍ። 6 እንኳ ሲሆን ጉልበት ይነካል፣ ዕቃ ሲሞላበት ደግሞ ሆዱ ይነፋል፣ የለካችሁት 5 ሰባት ይሆናል።

ሁለት ጎንና አንድ ዙሪያ ነው የሚቆረጠው። ጎኖቹ ካርቶኑን የሚያህሉ፣ ዙሪያቸውን 1 ሴንቲ ለስፌት የተጨመረላቸው። ዙሪያው 7 ሴንቲ ስፋት ያለው ረጅም ቁራጭ ነው፤ 5ቱ ውፍረት፣ 2ቱ ስፌት። ዚፑን መጀመሪያ ስፉ። ከካርቶኑ በደንብ የሚበልጥ ጨርቅ ውሰዱ፣ ከላይ 4 ሴንቲ ገደማ ላይ አግድም ቁረጡ፣ ዚፑን መሀሉ ስፉበት፣ ከዚያ ነው ካርቶኑን አስቀምጣችሁ ጎኑን የምትቆርጡት። በልኩ ቆርጦ በኋላ ዚፕ ማስገባት ስሌቱን ያዛባዋል። የሱሪ ዚፕ አይሆንም፣ አቧራ ሲገባበት ሁለት ወር አይቆይም። የጃኬት ወይም የሻንጣ ወፍራም ዚፕ ፈልጉ፣ 8 ቁጥር ከተገኘ እሰየው።

ማሰሪያዎቹ ዙሪያው ላይ አስቀድመው ይሰፋሉ። ከላይ ባለው አግዳሚ ብረት ሦስት፣ በሁለቱ ሌሎች ብረቶች አንድ አንድ፣ ሁሉም በቬልክሮ። ለስላሳው ገጽ ብረቱን እንዲነካ አድርጉ፣ ሸካራው ቀለሙን ይፍቀዋል። ከመስፋታችሁ በፊት ደግሞ የፍሬን ሽቦ በየት እንደሚያልፍ እዩ። ብዙ ሳይክል ላይ ሽቦው አግዳሚውን ብረት ተከትሎ ተገልጦ ይሄዳል፣ ማሰሪያ አጥብቃችሁ ብታስሩበት ፍሬኑ ይነክሳል ወይም አይመለስም። ቬልክሮው በሽቦውና በብረቱ መሀል ማለፍ አለበት።

ዙሪያውን ከጎን ጋር ስታገጣጥሙ ከጥግ አትጀምሩ፣ ከታችኛው መስመር መሀል ጀምሩ። ጥግ ላይ ስትደርሱ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ ተክላችሁ እግሯን አንሱ፣ የዙሪያውን ጠርዝ ስፌቱ ጋ ሁለት ሚሊ እስኪቀረው በመቀስ ሰንጥቁ፣ ያኔ ጨርቁ ይታጠፍላችኋል። ሁለተኛውን ጎን ከመስፋታችሁ በፊት ዚፑን ክፈቱት። ክፈቱት! ቦርሳው የሚሰፋው ተገልብጦ ነው፣ ዚፑ ተዘግቶ ከሰፋችሁት ማውጫ የለውም።

ገበር ላስገባ ለሚል፣ ቢጫ ወይም ነጭ ስስ ናይሎን አስገቡ። ጥቁር ገበር ውስጥ ጥቁር አሌን ፍለጋ ማምሸት ነው። ጎኑ ቀጥ እንዲል የፈለገ ሰው የፕላስቲክ ፋይል ክዳን ቆርጦ በገበሩና በጨርቁ መሀል ያግባበት።

ሰም መቀባት

ጂንስም ሆነ ሸራ ክረምት ሲመጣ ውሃ ይጠጣል፣ ውስጥ ያለው ብረት ይዝጋል። ለጧፍ የሚሸጠው ንጹሕ ሰም እዚህ ላይ ነው የሚያገለግለው። ግማሽ ሰም፣ ግማሽ ተራ ሻማ ከርክማችሁ በቆርቆሮ ዕቃ አድርጉ፣ ዕቃውን የፈላ ውሃ ድስት ውስጥ አስቀምጡ። የንብ ሰም ከ60 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል ይቀልጣል፣ ውሃው ይበቃዋል። በቀጥታ እሳት ላይ ከተጣደ ይቀጣጠላል፣ እንዳታደርጉት። በአሮጌ ብሩሽ ስሱን ቀቡ፣ ወዲያው ይነጣል፤ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት፣ ጨርቁ ውስጥ ሲሰርግ ቀለሙ ጠቆር ይላል። የነጣ ቦታ እስኪጠፋ ድገሙት። ስፌቶቹ ላይ ሁለት ዙር።

ይሄ ሁሉ ስፌቱ ካለቀ በኋላ ነው። ሰም የነካ ጨርቅ መርፌውን ያጣብቀዋል፣ የመኪናዋንም ሆድ ያበላሻል። ቆላ ላይ ያላችሁ ደግሞ ከሰም ይልቅ ባነሩን ምረጡ፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ በቆመ ሳይክል ላይ ሰሙ እየለሰለሰ እጅ ያጣብቃል፣ አቧራም ይሰበስባል።

ሰም ቢቀባም ዝናብ ውስጥ ገብታችሁ ከወጣችሁ እቤት ስትደርሱ ዘርጉት፣ መፍቻዎቹን አውጡ፣ በዘይት በነካካ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጉ። ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውሃና በብሩሽ ብቻ ነው የሚታጠበው፣ ኦሞም ሙቅ ውሃም አይንካው። የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ሰሙ ሲሳሳ ታዩታላችሁ፤ እዚያች ላይ ብቻ ጧፍ አሹበትና አሙቁት።